ወንዶቹ የሴት ደሞዝ የቀመሱ ሰሞን

በሙሴ ስፌት ቤት ደሞዝ የሚከፈለው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር፤ የምንሰለፈውም በሦስት ሰልፍ ነው። አንዱ የፈረንጅ፣ አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት። በፈረንጅ ሰልፍ የሚቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጨርቅ ቆራጩ። ሰው ብቻውን እንዴት እንደሚሰለፍ ማወቅ የፈለገ የእኛን ቆራጭ ማየት ነበረበት። ባርኔጣውን ደፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከፊቱም ከኋላውም ማንም ሳይኖር ተራውን ይጠብቃል። ለሱ በቀን ስድስት ብር ይታሰብለታል። ለወንዶቹ ሁለት ሁለት ብር። ለእኛ ለሴቶቹ አንድ አንድ ብር።

ደግሞ እኮ ቆራጩ ፈረንጅ የሆነው በግማሹ ነው። አባቱ በባቡር ሥራ መጥቶ በዚያው ባቡር የሄደ ፈረንጅ ነው። እናቱ የለገሃሬ ሴት ናቸው፤ ሳምቡሳ ጠብሰው ይሸጡ ነበር፤ እኔም ደንበኛቸው ነበርኩ። ካኪው በደንብ የተቆረጠ ቀን ሙሴ «አባቱ ነው! ደም ነው!» ይላል። የተበላሸ ቀን «እናቱ ናት» ይላል። ደሞዙ ግን ተበላሸም አልተበላሸም በአባቱ በኩል ይቆጠር ነበር።

በድሬዳዋ ነጭ ሁሉ ሙሴ ነው፤ ስለዚህ ጌታችንም ሙሴ ነበር። ከየትኛው የፈረንጅ አገር እንደመጣ ማንም አያውቅም። በአንድ ቋንቋ ይቆጥራል፣ በሌላ ይሳደባል፣ ሲቸግረው በአማርኛ ይለምናል። ስፌት ቤቱ ከዚራ ሠፈር ውስጥ ነበር፤ ደጁ የዛፍ ጥላ፣ ውስጡ ምድጃ። በጃንሆይ ዘመን ሁርሶ ለሚሠለጥኑት ወታደሮች የካኪ ሱሪ እንሰፋ ነበር፤ አሥራ አንድ ወንድ፣ ዘጠኝ ሴት፣ አንድ ግማሽ ፈረንጅ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ባሌ ጅቡቲ ሥራ አለ ሲባል ሰምቶ ባቡር ተሳፈረ። ባቡሩ ሄዶ ይመለሳል፤ እሱ ግን በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ሰሞን ጣቢያ እየሄድኩ እጠብቀው ነበር። በኋላ ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ዛሬም የለም፣ አባዮ፣ እህታችን!» እያሉ መጮኽ ሲጀምሩ አፍሬ ተውኩት።

አንድ ቀን ምላሴን መያዝ አቅቶኝ ሙሴን ጠየቅሁት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይታወቅም፤ ለሙሴም አናባክንም ነበር።

«ሙሴ፣ እኔ የምሰፋውም ሱሪ ሁለት እግር ነው ያለው። ለምን የአንዱን እግር ብቻ ትከፍለኛለህ?»

«ሴትን ባሏ ያበላታል» አለኝ። «ወንድ ግን ቤተሰብ ያበላል።»

«የኔ ባል ያለው ጅቡቲ ነው። እጁ እስከዚህ አይደርስም።»

«ሌላ አግቢ።»

«እንግዲያው አንተው አግባኝና ሌላውን ብር በዚያ በኩል ስጠኝ» አልኩት።

ሴቶቹ ጨርቅ አፋቸው ውስጥ ወትፈው ሳቁ። ሙሴ ፊቱ ቀልቶ ወደ ጓዳ ገባ፤ ደሞዜ ግን እዚያው አንድ ብር ላይ ቀረ።

ሙሴ ሁለተኛ ምክንያት ነበረው፤ ለዚህኛው ደግሞ መልስ አልነበረኝም። ወንዶቹ በቀን ከእኛ የበለጠ ሱሪ ያስረክባሉ። በድሬዳዋ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐዩ ሰው አያሠራም፤ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ይዘጋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኛ ሴቶቹ ወደ ስፌት መኪናችን እንመለሳለን። ወንዶቹ ግን አይመለሱም። የተቆረጠ ካኪ በጥቅል ተሸክመው ቤታቸው ይገባሉ፤ ጫታቸውን እየቃሙ ይሰፉና ጠዋት ያለቀለትን ይዘው ይመጣሉ። ከኛ በፊት የነበረ ልማድ ነው። «ወንድ ሲመረቅን እጁ ይፈጥናል» ይል ነበር ሙሴ። ለሴት ጥቅል አይሰጥም። ሴት ከጨርቁ ቀንሳ ለልጇ ቀሚስ ትሰፋለች ብሎ ይፈራል። የወታደር ካኪ ቀሚስ ለብሳ የምትዞር ልጅ የት አይቶ እንደሆነ እንጃለት።

ከወንዶቹ ሁሉ አንደኛው ከጎኔ የሚቀመጥ ግዙፍ ሰው ነበር። ሻምፒዮን ነበር የምንለው። ጠዋት ከእኔ ጋር ሲሰፋ ያዛጋል፣ ይተክዛል፣ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት አምስት ጊዜ ያርሰዋል። ከሰዓት ቤቱ ሲሰፋ ግን ስምንት ሱሪ ያወጣል። ሙሴ እሱን እያሳየ «ወንድ ማለት ይሄ ነው» ሲለን እኛም እናምን ነበር።

በደሞዙ ነገር የምናደደው ለስስት አልነበረም። ታናሽ እህቴ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ ኃላፊያችን አጎታችን ነው፤ ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጥ፣ ልቡ ደግ፣ ራሱ ግን ድንጋይ የሆነ ሰው። ለእህቴ ባል አገኘላት። ከድሬ ወጣ ያለችው የዋሂል ነጋዴ ነው፤ ሁለት ሚስት፣ ብዙ ግመልና አንድ የወርቅ ጥርስ ያለው። እቤታችን መጥቶ ሲስቅ የሳቀው ጥርሱን ሊያሳየን ይመስለኛል፤ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

«ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ» አልኩት አጎቴን።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለ። «ግን እናትሽ፣ እህትሽና አንቺ፣ ሦስት ሴት በአንድ ብር አትኖሩም። አንቺ የወንድ ደሞዝ ብታመጪ ቃልሽም በዚህ ቤት እንደ ወንድ ቃል ይሰማል፤ ያኔ እኔ ዝም እላለሁ። እስከ አረፋ እጠብቅሻለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ!» አለና ጫማውን አድርጎ ወጣ። ይህንን ያለው እንደማላገኘው እርግጠኛ ስለነበር ነው።

እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም። እስክሪብቶዋን አንስታ የቤት ሥራዋን ቀጠለች። አንጀቴን የበላው እሱ ነው። ብታለቅስ አባብላት ነበር፤ ዝም ብላ ሒሳቧን ስትሠራ ምን እንደማደርጋት ጠፋኝ።

አረፋ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ሙሴ የሻምፒዮኑን ሱሪዎች ቁልፍ እንድተክልባቸው ሰጠኝ። አንዱን ገልብጬ የስፌቱን መጨረሻ ሳይ እጄ ቀጥ አለ።

ልጅ ሳለሁ መጋላ ሠፈር ውስጥ ስፌት ያስተማሩን አንዲት ባልቴት ነበሩ። ስፌቱ ሲያልቅ ክሩን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሰሽ፣ አንድ ጊዜ አግድም ወግተሽ ነው የምትቋጪው ይሉናል። የረሳች በመቀሱ እጀታ ኩርኩም ትቀምሳለች። ሌላ ቦታ እንዲህ ሲቋጭ አይቼ አላውቅም። ከሳቸው ዘንድ ትምህርቱን የጨረስነው ሦስት ሴቶች ብቻ ነን፤ ሌሎቹ ኩርኩሙን ፈርተው ቀሩ። አንዷ እኔ ነኝ። አንዷ ሐረር አግብታ ሄዳለች። ሦስተኛዋ የሻምፒዮኑ ሚስት ናት። በሻምፒዮኑ ሱሪ ላይ ደግሞ ሦስት ወደ ኋላ፣ አንድ አግድም ተቋጭቷል። የድሮው ኩርኩም አናቴ ላይ እንደገና ነዘረኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት ራሴን አመመኝ ብዬ ገንደ ቆሬ ወደ ሻምፒዮኑ ቤት ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር። ሚስቲቱ በእጅ የሚዞር መኪና ላይ ተጎንብሳለች። እህቷ መዞሪያውን ታዞርላታለች። አማቷ ዓይናቸውን አጥብበው የኪስ ጨርቅ ይጠቅማሉ። ሻምፒዮኑ ጥግ ላይ ትራስ ተደግፎ፣ ጉንጩ ተወጥሮ፣ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር የዓለምን ጉዳይ መልክ ያስይዛል። እኔን ሲያይ ደንግጦ አንድ ሱሪ ሳበና ጭኑ ላይ አደረገ። በግልባጩ ነበር የያዘው።

«ትንሽ አረፍ ብዬ ነው» አለኝ።

ሚስቱ እስከ ደጅ ተከተለችኝ። «አቦ፣ በአላህ ዝም በይልኝ!» አለች እጄን ይዛ። «እሱ ሁለት ብር የሚያመጣው እኛ ስለምንሰፋለት ነው። ለሙሴ ከነገርሽ ይቀርብናል። አራት ልጅ አለኝ።»

«ለምን አንቺ ራስሽ ሙሴ ጋ አትቀጠሪም?»

«በአንድ ብር? አብደሻል እንዴ? እዚህ ቁጭ ብዬ ሁለት ብር እሠራለሁ።»

ትክክል ነበረች፤ ያናደደኝም እሱ ነው። አንድ ዓይነት ሱሪ፣ አንድ ዓይነት አቋጠር፣ የአንዲት ባልቴት ተማሪዎች፤ የሷ ስፌት በባሏ እጅ ሲገባ ሁለት ብር፣ የኔ በራሴ እጅ ሲገባ አንድ ብር። ቢሆንም አራቱ ልጆች በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። እንደማልናገር ማልኩላትና እየተቃጠልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አረፋ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ሻምበል ከሁርሶ በጂፕ መጣ። ደገኛ ሰው ነው፤ ሙቀቱም አንተ መባሉም አልተስማማውም። ጆንያ ሙሉ ሱሪ ወለሉ ላይ ዘረገፈ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም መቀመጫቸው ላይ ተተርትረዋል።

«ሠልጣኞቼ መሬት ለመሬት ሲሳቡ ነው የተቀደደው» አለ። «ዛሬ ጠዋት አንድ ሻምበል ጦር ሙሉ በአንድ እጁ መሣሪያ፣ በሌላ እጁ መቀመጫውን ይዞ ሰልፍ ወጣልኝ!»

ማንም አልሳቀም፤ ማለቴ ድምፁን አውጥቶ የሳቀ የለም። ሻምበሉ ሌላ ሱሪ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ይሄ ግን አልተቀደደም። እንዲህ ያሉትን የሰፋው ማነው?»

ሙሴ ውስጡ የተጻፈውን ቁጥር አየና ፊቱ በራ። የሻምፒዮኑ ቁጥር ነው። ካልተቀደዱት መሀል የኔም ነበሩ፤ ግን ሴት በሰፋችው ሱሪ ላይ ቁጥር አይጻፍም። ሙሴ ሻምፒዮኑን በትከሻው ይዞ ወደ ፊት ገፋው። «ወንድ ማለት ይሄ ነው!» አለ።

«ጥሩ» አለ ሻምበሉ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። «እዚህ ፊቴ አንድ ይስፋና ሌሎቹ ይማሩ።»

ሻምፒዮኑ ተቀመጠ። ክሩን ማራስ ጀመረ። እኔ ስቆጥር ሰባት ደርሶ ነበር። ከዚያ መኪናውን ረገጠው፤ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ጨርቁ ወደ ጎን ሄደ። ላቡ ካኪው ላይ ይንጠባጠባል። ሙሴ ፈገግታው እንደተሰቀለ ቀርቷል። ብዙ ከቆየን በኋላ ሱሪው አለቀ። ሻምበሉ ተቀብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ሊከት ሞከረ፤ አልገባም። በሌላው ኪስ ሞከረ፤ እሱም ተሰፍቶ ተዘግቷል። ክንዱን ከላይ አስገብቶ በእግሩ በኩል ሊያወጣ ቢል እጁ ታች ድረስ ሄዶ ቆመ። ሻምፒዮኑ የሱሪውን እግር መውጫ ሰፍቶ ዘግቶታል።

«ይሄ ሱሪ ነው ወይስ የጤፍ ከረጢት?» አለ ሻምበሉ ክንዱ እንደገባ።

በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ምላሴን ነክሼ አላውቅም። የማልኩትን መሐላ እያሰብኩ እግሬን እግሬን አያለሁ። በመጨረሻ ሻምፒዮኑ ራሱ ፈነዳ።

«ሚስቴ ናት!» አለ። «እኔ አይደለሁም፤ ሚስቴ ናት የምትሰፋው!»

ከኋላው ያለ አንድ ቀጭን ሰው «የኔን እናቴ ናት» አለ። ሌላው «እህቴ» አለ። ከሁሉ ኋላ የነበሩት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የኔን ሁለቱም ሚስቶቼ ናቸው» አሉ። «ትልቋ ቀኙን እግር፣ ትንሿ ግራውን። እንዳይጣሉ ብዬ።»

ሻምበሉ ሳቀ፤ ቀበቶውን እስኪያላላ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «ከናንተ ይህን አቋጠር የሚያውቅ አለ?» ሲል ተነሳሁ። ፊቱ ተቀምጬ ሦስት ወደ ኋላ፣ አንድ አግድም ቋጨሁለት። በሁለት እጁ ይዞ ጎተተው፣ በጉልበቱ ረግጦ ጎተተው፤ ንቅንቅ አላለም። «ሁሉም ሱሪ እንደዚህ ይሰፋ። ሁለት መቶ አዲስ ሱሪ ከአረፋ በፊት እፈልጋለሁ» ብሎ ለሙሴ ነግሮት፣ ጂፑን አስነስቶ ሄደ።

ቅዳሜ ደሞዝ ልንቀበል ስንሰለፍ ሙሴ ወጣና «ከዛሬ ጀምሮ የወንድና የሴት ሰልፍ የለም፤ አንድ ሰልፍ ነው» አለ። ሴቶቹ እልል አልን። እኔማ እህቴ ዩኒፎርም ለብሳ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ታየችኝ።

«እስካሁን ለወንድ ሥራ ሁለት ብር እከፍል ነበር» ብሎ ቀጠለ ሙሴ። «የወንድ ሥራ እንደሌለ አየሁ። ስለዚህ ሁሉም አንድ ብር። ጥቅልም ወደ ቤት አይሄድም።»

እልልታው አፋችን ላይ ደረቀ። ቆራጩ ባርኔጣውን አንስቶ የቀን ስድስት ብሩ እንደተጠበቀለት ሄደ።

የወንዶቹን ጩኸት ባቡር ጣቢያ ድረስ ሳይሰሙት አልቀሩም። ሁሉም እኔ ላይ ዞሩ፤ ያልተናገርኩት እኔ! የሻምፒዮኑ ሚስት መጥታ ደጄ ላይ ረገመችኝ፤ ባሏ ራሱ መናገሩን ሳስረዳት እዚያው ቆማ እሱን ረገመችው። እኔ ግን አንድ ተስፋ ነበረኝ። ሮጬ ቀፊራ ሄድኩ።

«አጎቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደሞዜ የወንድ ደሞዝ ነው። እኩል ሆነናል።»

አጎቴ ወሬውን ቀድሞ ሰምቶታል። በርበሬውን እየሰፈረ «አንቺ የወንድ ደሞዝ አላገኘሽም» አለኝ። «ወንዶቹ የሴት ደሞዝ አገኙ እንጂ።»

መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ በርበሬው ነው እያልኩ።

ሰኞ ጠዋት ግን በዕድሜዬ አያለሁ ብዬ ያላሰብኩትን ነገር አየሁ። ወንዶቹ እቤቴ መጡ፤ አሥራ አንዱም። ማመልከቻ ሊያስጽፉ ነው። ከመሀላቸው ደህና አድርጎ የሚጽፍ አልነበረም፤ በሠፈሩ እጅ ጽሑፏ የታወቀው የኔ እህት ናት። እህቴ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው የስፌት ሠራተኞች» ብላ ጀመረችና ቀና አለች።

«ምን ልበል?»

«ሰው በአንድ ብር መኖር አይችልም በይ» አለ ሻምፒዮኑ። «የቤት ኪራይ አለ፣ ልጅ አለ፣ እናት አለች በይ።»

«እኔም እናት አለችኝ» አልኩት። «እስከ ቅዳሜ ድረስ ግን በአንድ ብር እችል ነበር?»

እህቴ ጽፋ አነበበችላቸው፤ «የሴት ደሞዝ ሰው አያኖርም።»

«ሴት የሚለውን አውጪው» አለ ቀጭኑ።

«አሁን የምታገኙት እሱን አይደል?» አለችው። ስምንተኛ ክፍል ናት እኮ! ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ተራ በተራ አተሙ፤ እኛም ሴቶቹ ከታች አተምን።

ሙሴ ማመልከቻውን ሳያነብ መለሰው። ስለዚህ ወንድም ሴትም ስፌት ቤቱ ደጅ ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ጫቱም እዚያው መጣ፤ በዚህ በኩል ወንዶቹ የሚያጡት ነገር አልነበረም። ምርቃናው ሲመጣ መጮኽ ጀመሩ። «የሴት ደሞዝ ይጨመር! የሴት ደሞዝ ይጨመር!» አሥራ አንድ ጎልማሳ፣ ከነጢማቸው። ከዚራን የሚያቋርጥ አንድ ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ አፉን ከፈተ።

«ወሪያ! ምን ነካችሁ? ሴት ሆናችሁ?»

«በደሞዝ አዎ!» አለው ሻምፒዮኑ።

በሁለተኛው ቀን ሙሴ ሌላ ሰፊ ሊቀጥር ወጣ። ሻምበሉ የፈለገውን አቋጠር የምታውቅ ሴት ገንደ ቆሬ እንዳለች ያውቃል፤ ሻምፒዮኑ ራሱ ነግሮታል። ወደ ሚስቱ ሄዶ በአንድ ብር ልቅጠርሽ አላት። ለሦስት ወር ያህል ሠፈሩ ሲደጋግመው የኖረውን መልስ ሰጠችው።

«ሙሴ፣ ሴትን ባሏ ያበላታል አላልክም? እኔ ምን አስጨነቀኝ?» ብላ በሩን ዘጋችው። ባሏ ያን ሰዓት ከዛፉ ሥር ሆኖ በባዶ ሆዱ ይጮኻል።

በሦስተኛው ቀን ሙሴ በአማርኛ መጣ፤ እንደተቸገረ በዚህ አወቅን። ሁለት ብር ለሁሉም ከከፈለ እንደሚከስር በልጆቹ ማለ። ተከራከርን። በመጨረሻ ለወንድም ለሴትም እኩል፣ ሁለት ብር ስሙኒ ሲጎድል፣ ማለት አንድ ብር ከሰባ አምስት ሳንቲም ተባለ። ቆራጩ በስድስቱ ይቀጥላል። እሱን አንሡ ያለ አልነበረም፤ ፈረንጅ ስለሆነ ነው ተባለ፤ እኛም ዝም አልን።

አረፋ ሦስት ቀን ቀርቶታል። አጎቴ ስሙኒዋን ይዞ እንዳይከራከረኝ ፈርቼ ሻምፒዮኑን ይዤው ቀፊራ ሄድኩ።

«ይሄ የወንድ ደሞዝ ነው ወይስ የሴት?» አለው አጎቴ በጥርጣሬ።

ሻምፒዮኑ ደረቱን ነፋ። «የሴት ትለዋለህ? ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጬ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ታግዬ ያገኘሁት ነው! ወላሂ የወንድ ደሞዝ ነው!»

አጎቴ ሚዛኑን አስቀመጠ። ብዙ ክፉ ነገር ሊሆን የሚችል ሰው ነበር፤ መሐላውን የሚበላ ሰው ግን አልነበረም። «ለዋሂሉ ሰው እኔ እነግረዋለሁ» አለ። ነገረውም። ሰውየው በዚያው ወር ሌላ አገባ፤ ጥርሱን ለሷ ያሳያታል።

እቤት ገብቼ ለእህቴ ስነግራት ደብተሯን ዘጋችና ያን ጊዜ አለቀሰች። ወር ሙሉ ያጠራቀመችውን ነው ያለቀሰችው። እኔም አቅፌያት ቁጭ አልኩ።

የሻምፒዮኑ ሚስት ሙሴ ጋ ተቀጥራ ከጎኔ ተቀመጠች። ቤታቸው ሁለት ብር ይገባ የነበረው ሦስት ብር ከሃምሳ ሆነ። ሻምፒዮኑ ይህን ሲያሰላ ወር ፈጀበት። ካሰላ በኋላ «ወላሂ ባውቅ ኖሮ ድሮ አጋልጬ ነበር!» አለኝ። የጎደለችበትን ስሙኒ ግን አልረሳትም፤ ካረጀ በኋላ እንኳን መንገድ ላይ ካገኘኝ እጁን ዘርግቶ «ስሙኒዬን» ይለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። እህቴ ሐረር መምህርነት ተምራ ድሬዳዋ ተመደበች። የመጀመሪያ ደሞዟን የተቀበለች ቀን ሐልዋ ገዝታ መጣች። እኔ ጥያቄዬ አንድ ነው።

«ወንዶቹ መምህራንስ ስንት ያገኛሉ?»

«ያው የኔኑ ነዋ።»

«ስንት ቀን ደጅ ተቀመጣችሁ?»

«የምን ደጅ?» አለችኝ።

ሐልዋውን አስቀመጥኩት። ማንም ሳይጮኽ፣ ማንም ሳይሳደብ፣ እንዲሁ እኩል! ደስታ ይሁን ቅናት እንጃ፣ እንባዬ መጣ።

«ሁሉም ግን እኩል አይደለም፣ አባዮ» አለች። «ከጎኔ ሒሳብ የሚያስተምረው ከውጭ የመጣ መምህር ሦስት እጥፋችንን ያገኛል። ትምህርታችን አንድ ነው። እንዲያውም ትናንት አንድ ጥያቄ አስቸግሮት እኔ ነኝ ያሳየሁት።»

ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። አነበበችልኝ። «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው መምህራን» ይላል። ከታች የተዘረዘረው ስም ግን አንድ ነው፤ የሷ።

«ሌሎቹስ?»

«ፈሩ። ነገ ለዳይሬክተሩ ብቻዬን እሰጣለሁ።»

ሌሊቱን ሙሉ ቆራጩ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከኋላው ማንም ሳይኖር ተራውን ሲጠብቅ እየታየኝ አደርኩ። ሰው ብቻውን ሲሰለፍ እንደማያምር ከሱ አውቃለሁ። እኔ መምህር አይደለሁም፤ በዚያ ወረቀት ላይ ጣቴን ማተም አልችልም። ጠዋት ግን ነጠላዬን ለብሼ አብሬያት ሄድኩና በዳይሬክተሩ በር ላይ ከኋላዋ ቆምኩ።